በአሜሪካ የሃይስኩል ምርቃት የክብር ኮርድና ስቶል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምርቃት ሰሞን ሲቃረብ አሜሪካ ያሉ ሐበሻ ወላጆች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እዚህ አሉ፤ ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኮርድ፣ ስቶልና ሜዳልያ ምን ምንድን ናቸው?

ኮርድ ጫፎቹ ላይ ዘርፍ ያለው የተገመደ ክር ነው። አንገት ላይ ይደረግና በሁለቱም በኩል ወደ ወገብ ይወርዳል። አንዱ ኮርድ አንድን ክበብ ወይም አንድን ውጤት ስለሚወክል አንድ ልጅ አራት አምስት ሊደርብ ይችላል። ስቶል ከትከሻ ወደ ደረት የሚወርድ ሰፋ ያለ ጨርቅ ነው፤ ቅርጹ የካህናቱን ሞጣሕት ያስታውሳል። ሜዳልያው በሪባን የሚንጠለጠል ሲሆን ብዙ ጊዜ ከፍ ላለ ማዕረግ ይቀመጣል።

ኮፍያው፣ ጋውኑና ከኮፍያው የሚንጠለጠለው ታሰል የሁሉም ተመራቂ ነው። ጭቅጭቁ የሚነሳው ከዚያ በላይ በሚደረበው ላይ ነው።

ማን ምን መልበስ እንደሚችል የሚወስነው ማን ነው?

ከላይ የስቴቱ ሕግ አለ። ከሱ ስር የዲስትሪክቱ፣ ማለትም የአካባቢው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር፣ ቦርድ ያጸደቀው መመሪያ፣ ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ማለትም ፕሪንሲፓሉ፣ መጨረሻ ላይ ኮርዱን የሚሰጠው ክበብ ኃላፊ መምህር ይመጣል። ኮርዱ ለማን እንደሚገባ የሚለየው ክበቡ ነው። መድረክ ላይ ይለበስ አይለበስ የሚለውን ግን ትምህርት ቤቱ ወይም ዲስትሪክቱ ይወስናል። እነዚህ ሁለት ውሳኔዎች የተለያዩ መሆናቸውን አለማወቅ ብዙ ወላጆችን የተሳሳተ በር ያስንኳኳል፤ የክበቡን መምህር ሦስት ሳምንት ሲለማመጡ ቆይተው ሥልጣኑ የፕሪንሲፓሉ እንደሆነ የሚረዱት በመጨረሻው ሳምንት ነው።

ጋውን የሚሸጡት እንደ ጆስተንስና ኸርፍ ጆንስ ያሉ ድርጅቶች ነጋዴዎች ናቸው። ማዘዣ ቅጻቸው ላይ ስቶል መኖሩ ፈቃድ አይደለም። መታየት ያለባቸው ሰነዶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በዲስትሪክቱ ድረ ገጽ ላይ ያለው ስለ ምርቃት የሚናገር የቦርድ መመሪያ፣ ሌላው ትምህርት ቤቱ ለሲኒየሮች (ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች) የሚያድለው የምርቃት መረጃ ነው። «የተፈቀዱ» የሚል ዝርዝር ካለ ያልተጠቀሰው ሁሉ እንደተከለከለ ይቆጠራል። «የተከለከሉ» የሚል ብቻ ካለ ደግሞ መከራከሪያ ቦታ አለ።

ልጄ ሁሉንም ኤ አምጥቶ የክብር ኮርዱ ለምን ለሌላ ተሰጠ?

መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ጂፒኤ፣ ማለትም አማካይ ውጤቱ፣ የሚሰላባቸው ሁለት መንገዶች ላይ ነው። አንደኛው ሁሉንም ትምህርት እኩል ያያል፤ ኤ 4፣ ቢ 3 ነው። ሁለተኛው፣ ዌይትድ የሚባለው፣ ከበድ ላሉ ትምህርቶች ነጥብ ይጨምራል። በተለመደው አሠራር የኮሌጅ ደረጃ ላለው ኤፒ 1 ነጥብ፣ ከመደበኛው ከበድ ለሚለው ኦነርስ ግማሽ ነጥብ ይጨመራል፤ ግን ዲስትሪክቱ የራሱ ስሌት ሊኖረው ይችላል።

ሁለት ልጆችን እንውሰድ፤ ሁለቱም 24 ኮርስ ወስደዋል። የመጀመሪያው ሁሉንም መደበኛ ትምህርት ወስዶ በሁሉም ኤ አገኘ፤ በሁለቱም ስሌት 4.0 ነው። ሁለተኛዋ ከ24ቱ 10 ኤፒ ወስዳ በሁለቱ ቢ አገኘች። በእኩል ስሌት 3.92፣ በዌይትድ ግን 4.33 ትሆናለች። መስፈርቱ ዌይትድ ከሆነ ኮርዱ ለእሷ ይሄዳል። ይህ አድልዎ አይደለም፤ ነገር ግን ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ያልተነገረው ከሆነ ቅሬታው ይገባል። 12ኛ ክፍል ላይ ሆኖ የኮርስ ምርጫን ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም።

ጂፒኤው የሚቆረጠው መቼ ነው?

በብዙ ትምህርት ቤቶች የሰባተኛው ሴሚስተር መጨረሻ ላይ፣ ማለትም የ12ኛ ክፍል የመጀመሪያው አጋማሽ ሲዘጋ ነው። ምክንያቱ ተራ ነገር ነው፤ የምርቃት መጽሔቱ መታተም፣ ኮርዱም መታዘዝ አለበት፣ የመጨረሻው ሴሚስተር ውጤት ደግሞ የሚገባው ከምርቃቱ ጥቂት ቀን በፊት ወይም በኋላ ነው።

በሴሚስተር 6 ትምህርት የሚወስድ ተማሪ በሰባት ሴሚስተር 42 ውጤት ይኖረዋል። ድምሩ 146 ነጥብ ከሆነ ጂፒኤው 3.48 ነው። መስፈርቱ 3.5 ከሆነ ወደቀ። በስምንተኛው ሴሚስተር ስድስቱንም ኤ ቢያመጣ 170 ለ48 ተካፍሎ 3.54 ይሆናል፤ ትራንስክሪፕቱ (ሙሉው የውጤት መዝገብ) ላይም ይኸው ይጻፋል። ልጁ መድረክ ላይ ያለ ኮርድ ይወጣል፣ በሁለተኛው ሳምንት የሚደርሰው ትራንስክሪፕት ግን መስፈርቱን ያሟላል። ወላጅ «ሰረቁት» የሚለው ያኔ ነው፤ ሁለቱም ቁጥሮች ግን ትክክል ናቸው።

ማጠጋጋትንም ይጠይቁ። 3.496 ወደ 3.5 የሚያጠጉ አሉ፣ ከሁለተኛው አኃዝ በኋላ ያለውን የሚጥሉም አሉ። በጽሑፍ የተቀመጠ ነገር ከሌለ እዚህ ላይ ተከራክሮ ማሸነፍ ይቻላል።

«ስንተኛ ወጣች?» ብንል ደረጃ አናወጣም አሉን። ቫሌዲክቶሪያን የሚባለውስ?

አገር ቤት ካርድ ላይ ደረጃ ስናይ ላደግን ሰዎች ይህ ግራ ያጋባል። ብዙ የአሜሪካ ዲስትሪክቶች ደረጃ ማውጣት ትተዋል። የአንድ ሺህኛ ክፍልፋይ ልዩነት ልጆችን ሲያባላና ቤተሰብን ፍርድ ቤት ሲያቆም ስላዩ በምትኩ እንደ ዩኒቨርሲቲ የላቲን ማዕረግ ይሰጣሉ። ሱማ ኩም ላውዴ ከፍተኛው፣ ማግና ኩም ላውዴ መካከለኛው፣ ኩም ላውዴ መነሻው ነው። የተቀመጠውን ጂፒኤ ያሟላ ሁሉ ያገኘዋል፣ እርስ በርስ መፎካከር የለም።

ቫሌዲክቶሪያን አንደኛ የወጣው፣ ሳሉታቶሪያን ሁለተኛው ነው። ማዕረጉ ባለባቸው ትምህርት ቤቶች ሦስት ነገሮች በጽሑፍ መኖራቸውን ያረጋግጡ፤ የትኛው ጂፒኤ እንደሚቆጠር፣ እኩል ቢሆኑ ምን እንደሚደረግ፣ ልጁ በትምህርት ቤቱ ስንት ሴሚስተር መማር እንዳለበት።

ልጃችን ከኢትዮጵያ የመጣው 10ኛ ክፍልን ጨርሶ ነው። ውጤቱ ይቆጠርለታል?

ክሬዲቱ ሊቆጠርለት ይችላል፤ ነጥቡ ግን ብዙ ጊዜ አይገባም። ትምህርት ቤቶች ከውጭ አገር የመጣን ውጤት «አልፏል» ብለው ይመዘግቡና ጂፒኤው ውስጥ ሳይጨምሩት ይቀራሉ። ይህ አንዳንዴ ይጠቅማል፣ አንዳንዴ ይጎዳል። ከመቶ 85 አገር ቤት ጎበዝ የሚያሰኝ ውጤት ነው፤ እንዲያው በቁሙ ወደ አሜሪካ ፊደል ከተገለበጠ ግን ቢ ይሆንና ጂፒኤውን ያወርዳል። ስለዚህ «ይቆጠርለት» ብለው ከመጠየቅዎ በፊት ተቆጥሮ የት እንደሚያደርሰው ካውንስለሩ (የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች አማካሪ) በወረቀት ላይ እንዲያሰላልዎት ያድርጉ።

ልጁ ሲመዘገብ የገባው ካርድ የተረጋገጠ ትርጉምና ማኅተም ያለው መሆን አለበት። ከአንዱ ክፍል የጎደለ ካርድ ካለ ያን ጊዜ ከአገር ቤት ያስልኩ፤ በሲኒየር ዓመት ሜይ ላይ ከቀድሞ ትምህርት ቤት ሰነድ ማስወጣት ምን እንደሚመስል መናገር አያስፈልግም። ለማዕረግ የተወሰነ የቆይታ ጊዜ የሚጠይቁ ዲስትሪክቶችም ስላሉ 11ኛ ክፍል ላይ የገባ ልጅ ለቫሌዲክቶሪያን ላይታጭ፣ ለላቲኑ ማዕረግ ግን ሊበቃ ይችላል።

ናሽናል ኦነር ሶሳይቲ ምንድን ነው? ጂፒኤዋ 3.9 ሆኖ ለምን አልመረጧትም?

ባጭሩ ኤን ኤች ኤስ ይባላል። በ1921 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህራን ብሔራዊ ማኅበር የተቋቋመ ነው። መመዘኛዎቹ አራት ናቸው፤ ትምህርት፣ አገልግሎት፣ መሪነትና ጠባይ። በአገር አቀፍ ደረጃ ዝቅተኛው ጂፒኤ 3.0 ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከዚያ ከፍ ሊያደርገው ይችላል እንጂ ሊያወርደው አይችልም። ተማሪው በዚያ ትምህርት ቤት ቢያንስ አንድ ሴሚስተር መማር አለበት።

ጂፒኤ በሩን ይከፍታል እንጂ አያስገባም፤ ብዙ ሐበሻ ቤተሰብ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ፕሪንሲፓሉ የሚመርጣቸው አምስት መምህራን ያሉበት ጉባኤ የልጁን ቅጽ አይቶ ድምፅ ይሰጣል። ልጆቻችን በብዛት የሚወድቁት አገልግሎትና መሪነት ላይ ነው፤ ሥራ ስለማይሠሩ ሳይሆን የሚሠሩትን ስለማይጽፉት። በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ማስተማር፣ በመስጊድ ወይም በቤተ ክርስቲያን ዝግጅት ማስተናገድ፣ ለአዲስ መጤ ቤተሰብ ማስተርጎም አገልግሎት ናቸው። ቀኑ፣ ሰዓቱና የኃላፊው ፊርማ ግን ያስፈልጋቸዋል፤ ፈራሚው ወላጅ ወይም ዘመድ ከሆነ ብዙ ቦታ አይቀበሉም። ታናናሾችን መጠበቅ በአብዛኛው እንደ አገልግሎት ሰዓት አይቆጠርም፤ ቅጹ ላይ የቤተሰብ ኃላፊነት የሚል ክፍል ካለ ግን እዚያ ይግባ።

ያልተመረጠች ተማሪ ምክንያቱን ጠይቃ ስህተት ካለ፣ ለምሳሌ ቅጿ ከጠፋ ወይም ሰዓቷ በትክክል ካልተደመረ፣ እንዲታረም ለፕሪንሲፓሉ ማመልከት ትችላለች። ብሔራዊው ጽሕፈት ቤት የትምህርት ቤቶችን ምርጫ አይሽርም፤ እዚያ መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው።

አባል ነች፤ ግን «ኮርዱ አይሰጥሽም» አሏት። ይቻላል?

ይቻላል፣ መስፈርቱ አስቀድሞ ከተነገረ። የተለመዱት ምክንያቶች የአገልግሎት ሰዓት መጉደል፣ ከስብሰባ መቅረት፣ ጂፒኤ መውረድና ያልተከፈለ መዋጮ ናቸው። የኤን ኤች ኤስ ዓመታዊ መዋጮ ከ20 ዶላር መብለጥ የለበትም። መክፈል ያቃተው ቤተሰብ ለመምህሩ በግል ቢነግር ብዙ ጊዜ መፍትሔ ይገኛል፤ የሚያሳዝነው ልጆቹ አፍረው ዝም ማለታቸው ነው።

ኮርድ መከልከልና ከአባልነት መሰረዝ ግን አንድ አይደሉም። ከመሰረዙ በፊት ማኅበሩ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ልጅቷ ምክንያቱን በጽሑፍ ማወቅና በመምህራኑ ጉባኤ ፊት ቀርባ መልስ መስጠት አለባት፣ ይግባኙም መጀመሪያ ለፕሪንሲፓሉ ይቀርባል። ይህ ሳይደረግ «ስምሽ ከዝርዝሩ ወጥቷል» ከተባለች ክርክሩ በሥርዓቱ ላይ ይሁን። ልጅቷ ጥሩ ልጅ መሆኗን ለማስረዳት ከመድከም ይልቅ ሥርዓቱ እንዳልተከበረ ማሳየት ቶሎ ይሰማል።

በፖስታ «ለክብር ማኅበር ተመርጠሃል» የሚል ደብዳቤ መጣ። ብንከፍል ኮርዱን ይለብሳል?

ስማቸው ከኤን ኤች ኤስ ጋር የሚመሳሰል፣ ተማሪውን በቀጥታ ጋብዘው የአባልነት ክፍያ የሚቀበሉ ማኅበራት አሉ። ናሽናል ሶሳይቲ ኦፍ ሃይስኩል ስኮላርስ የሚባለው አንዱ ነው፤ የሚመዘገበው በትምህርት ቤቱ ክበብ በኩል ሳይሆን ተማሪው ራሱ በቀጥታ ነው። የስኮላርሺፕ ውድድሮች ስላሉት ማጭበርበሪያ ማለት አይደለም። ሆኖም ብዙ ትምህርት ቤቶች በራሳቸው በኩል ያልመጣ ማኅበር ኮርድ መድረክ ላይ አያስለብሱም። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ፕሪንሲፓሉን በኢሜይል ይጠይቁ።

ኮርዱን ከአማዞን ገዝተን ብናለብሰው ማን ያውቃል?

ያውቃሉ። በሰልፍ መሰብሰቢያው ክፍል የስም ዝርዝር የያዙ መምህራን አንድ በአንድ ያያሉ፤ ቀለሙ የሌላ ክበብ ከሆነማ ያን ክበብ የሚመራው መምህር እዚያው ቆሟል። ልጁን በጓደኞቹ ፊት ማስወለቅ ለአምስት ደቂቃ ፎቶ አያዋጣም። የሚገባው ኮርድ ጠፍቶበት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ መምህሩን አስፈቅዶ ተመሳሳዩን መግዛት ይቻላል።

ትምህርት ቤቱ ማንንም «እንዳያስቀይም» ብሎ ኮርድን በሙሉ ቢከለክል ሕጋዊ ነው?

በአብዛኛው አዎ። ሁሉም አንድ ዓይነት እንዲለብስ ማዘዝ የትምህርት ቤቱ ሥልጣን ነው፤ ፍርድ ቤቶችም ለሁሉም እኩል የሚሠራ ደንብን አይነኩም። እንዲህ ዓይነቱ ውሳኔ የሚለወጠው በቦርድ ስብሰባ ነው። አስቀድሞ የተመዘገበ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ እንዲናገር ይፈቀድለታል፤ አሥር ወላጅ ተራ በተራ ቢናገር ከአንድ ረጅም ደብዳቤ ይበልጣል። ጊዜው ግን መኸር ነው፣ ኦክቶበርና ኖቬምበር።

ደንቡ ለሁሉም እኩል ካልሆነ ነገሩ ይለወጣል። የስፖርት ቡድኑ ስቶል ተፈቅዶ የሳይንስ ክበቡ ከተከለከለ፣ ወይም በዚያው ዲስትሪክት አንዱ ትምህርት ቤት ፈቅዶ ሌላው ከከለከለ፣ ይህን መዝግበው ይያዙ።

የኢትዮጵያ ባንዲራ ወይም ጥለት ያለበት ስቶል መልበስ ትችላለች?

የሚወስነው ስቴቱ ነው። ካሊፎርኒያ ከ2019 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለ ሕግ ተማሪዎች የሃይማኖት ወይም የባህል ትርጉም ያለው ነገር በምርቃት ላይ እንዲያደርጉ ትፈቅዳለች። ሁለት ገደብ አለው፤ የሚደረበው ነገር ከኮፍያውና ከጋውኑ ጋር የሚለበስ እንጂ የሚተካቸው መሆን የለበትም፣ ሥነ ሥርዓቱን በእጅጉ የሚያውክ ከሆነም ትምህርት ቤቱ ሊከለክል ይችላል። ስለዚህ ጥለቱ ጠርዝ ላይ የተሰፋበት ስቶል ያልፋል፤ ጋውኑን አውልቆ በሐበሻ ቀሚስ መውጣት ግን በዚህ ሕግ አይሸፈንም። ሞንታና በ2017፣ ዋሽንግተን በ2020፣ ሚኒሶታ፣ ኮሎራዶና ኦክላሆማ በ2023 ያወጧቸው ሕጎች ደግሞ የተጻፉት በተለይ ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነው። ሲያትል ወይም ሚኒያፖሊስ ያለ ቤተሰብ «ስቴታችን ሕግ አለው» ብሎ ከመሄዱ በፊት ይህን ልዩነት ይወቅ።

ሕግ በሌለበት ሜዳው ጠባብ ነው። በ2023 ኮሎራዶ ውስጥ አንዲት ተማሪ የሜክሲኮና የአሜሪካ ባንዲራ ያለበት ስቶል እንድትለብስ የፌዴራል ፍርድ ቤትን በአስቸኳይ ጠይቃ ነበር። ዳኛዋ ምርቃት የትምህርት ቤቱ ዝግጅት ነው፣ መድረኩ ላይ የሚታየውም እንደ ትምህርት ቤቱ ንግግር ይቆጠራል ብለው አልፈቀዱም።

ስቶል የሚያሰፉ ከሆነ ከመሰፋቱ በፊት ዲዛይኑን በፎቶ ልከው በኢሜይል «ተፈቅዷል» የሚል መልስ ያግኙ። በባንዲራው ላይ አንበሳ ይኑር፣ ኮከብ ይኑር፣ ወይስ ልሙጥ ይሁን የሚለውን ትምህርት ቤቱ አይጠይቅም፤ እሱን የሚያከራክረው ከአዳራሹ ውጭ የሚጠብቀው ዘመድ ነው።

ማተብ፣ መስቀል፣ ሒጃብስ?

ማተብና የአንገት መስቀል ከጋውኑ ስር ስለሚሆኑ ጥያቄ አይነሳባቸውም። ሒጃብ የሃይማኖት ግዴታ በመሆኑ ትምህርት ቤቶች ይቀበሉታል። አንዳንዴ ቀለሙ ከጋውኑ ጋር እንዲሄድ ይጠይቃሉ፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው። ኮፍያው ሒጃብ ላይ ይንሸራተታል፤ ሐር መሰል ጨርቅ ይበልጥ ያንሸራትታልና የጥጥ ሒጃብ ይምረጡ፣ ኮፍያውን አንድ ቁጥር ከፍ አድርገው ይዘዙ፣ ከፊትና ከሁለቱ ጎን በመርፌ ቁልፍ ከውስጥ ይያዝ።

ኮፍያው ላይ በአማርኛ መጻፍስ?

ኮፍያ ማስጌጥን የሚከለክሉት ኮርድ ከሚከለክሉት ይበዛሉ። የሚፈቅዱትም አስቀድመው ማየት ይፈልጋሉ፤ ጽሑፉ በግዕዝ ፊደል ከሆነ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን አያይዞ መላክ ነገሩን ያፋጥናል።

በዚህ ዙሪያ አንድ የሚጠቅም ፍርድ አለ። አሪዞና፣ ዳይሰርት ዲስትሪክት፣ በ2019 የነባር ሕዝብ ተወላጅ የሆነች ተማሪ ኮፍያዋን በጨሌ አስጊጣ፣ የንስር ላባ ሰክታ ስለመጣች ከምርቃቱ ታገደች። ሌላ ተማሪ ግን በዚያው ዲስትሪክት የጡት ካንሰርን የሚመለከት ምልክት ኮፍያው ላይ ለጥፎ እንደተፈቀደለት በክሱ ላይ ተገለጸ። የ9ኛው ወረዳ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2022 ክሱ ውድቅ መደረግ አልነበረበትም አለ። ደንቡን ለአንዱ አላልቶ ለሌላው ማጥበቅ ችግር ያመጣል ማለት ነው። ከላይ «መዝግበው ይያዙ» ያልነውም ለዚሁ ነው።

ልጄ አማርኛ ይናገራል፤ ለዚህ ኮርድ አለ?

አለ፣ ብዙ ሰውም አያውቀውም። ሲል ኦፍ ባይሊተራሲ ይባላል፤ በ2011 ካሊፎርኒያ ጀመረችው፣ አሁን በአገሪቱ ተስፋፍቷል። እንግሊዝኛና ሌላ አንድ ቋንቋ በሚፈለገው ደረጃ የሚያውቅ ተማሪ ዲፕሎማው ወይም ትራንስክሪፕቱ ላይ ማኅተም ይደረግለታል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ኮርድ ወይም ሜዳልያ ይጨምሩበታል። ከሌሎቹ ኮርዶች የሚለየውም ሰነድ ላይ መቅረቱ ነው።

ለአማርኛ ስታምፕ የሚባለው የአቫንት ድርጅት ፈተና አለ፤ መጻፍና መናገርን ይመዝናል። ቤት ውስጥ ብቻ አማርኛ የሰማ ልጅ የሚቸገረው መጻፍ ላይ ነው፤ ፊደሉን ከሰንበት ትምህርት ቤት ቢያውቀውም በኮምፒውተር መተየብ ሌላ ነው። ከፈተናው ሁለት ወር በፊት በየቀኑ አሥር መስመር ይተይብ። 11ኛ ክፍል ላይ ወይም በ12ኛ ክፍል መኸር መፈተን ይሻላል፤ ሜይ ላይ የመጣ ውጤት ኮርድ አያደርስም። ትምህርት ቤቱ «አማርኛ አንፈትንም» ቢል የዲስትሪክቱን የዓለም ቋንቋዎች ቢሮ ይጠይቁ።

ወደ ሠራዊት የተመዘገበ ልጅ ዩኒፎርሙን ለብሶ መመረቅ ይችላል?

በካሊፎርኒያ መሠረታዊ ሥልጠናውን የጨረሰና በአገልግሎት ላይ ያለ ተማሪ የክብር ዩኒፎርሙን እንዲለብስ ሕግ ይፈቅዳል። ተመዝግቦ ገና ሥልጠና ያልገባ ግን በዚህ አይካተትም። በሌላ ስቴት ያለ ፕሪንሲፓሉን ይጠይቅ።

ስህተት ተሠርቷል ብለን ካመንን በምን ቅደም ተከተል እንሂድ?

መጀመሪያ ትራንስክሪፕቱን አውጥተው በእጅዎ ያስሉ። ከዚያ ለካውንስለሩ በኢሜይል ይጻፉ፤ በስልክ የተባለ ነገር ማስረጃ አይሆንም። ኢሜይሉ አራት ነገር ይበቃዋል፤ የልጁ ስምና የተማሪ ቁጥር፣ የተጠቀሰው መስፈርት ከነገጹ፣ እርስዎ ያገኙት ስሌት፣ መልስ የሚፈልጉበት ቀን። የሌላ ሰው ልጅን ስም አያንሱ፤ ስለ ሌላ ተማሪ ትምህርት ቤቱ ሊነግርዎት ስለማይችል ውይይቱ እዚያ ይዘጋል። በሦስት የሥራ ቀን መልስ ካልመጣ ለፕሪንሲፓሉ፣ ከዚያ ለዲስትሪክቱ የሃይስኩሎች ኃላፊ፣ ከዚያ የዲስትሪክቱ የበላይ ኃላፊ ለሆነው ሱፐርኢንተንደንት።

የትምህርት መዝገብን የማየት መብት ፌርፓ በሚባለው የፌዴራል ሕግ አለ። ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ። ትምህርት ቤቱ እስከ 45 ቀን ጊዜ አለው፤ ሜይ ላይ የጠየቀ ከምርቃቱ በኋላ ሊያገኝ ይችላል። ልጁ 18 ከሞላው ደግሞ መብቱ የእሱ ስለሆነ ኢሜይሉን እሱ ይጻፈው ወይም ይፈርምበት።

እንግሊዝኛ የሚከብድዎት ከሆነ አስተርጓሚ በነፃ ይጠይቁ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ቋንቋ እንቅፋት እንዳይሆን ማድረግ አለባቸው። በዋሽንግተን ዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲም ሰነዶቹን ወደ አማርኛ ይተረጉማል። ክርክሩ ስለ ልጁ ሆኖ ሳለ ልጁን አስተርጓሚ አያድርጉት፤ ከአባቱ ቁጣ ግማሹን ውጦ ያስተረጉማል፣ ከፕሪንሲፓሉ መልስም እንዲሁ።

ፍርድ ቤት መሄድ ያዋጣል?

ለአንድ ኮርድ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ፍርድ ቤቶች ዲፕሎማን እንደ መብት ያዩታል፤ የክብር ማኅበር አባልነትንና በምርቃት ሥነ ሥርዓት መሳተፍን ግን በአብዛኛው እንደዚያ አያዩም። በ1969 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተማሪዎች ጦርነትን ለመቃወም ያሰሩትን ጥቁር የክንድ ጨርቅ ፈቅዷል፤ በ1988 ደግሞ በትምህርት ቤት ስም የሚቀርብን ነገር ትምህርት ቤቱ ሊቆጣጠር ይችላል ብሏል። ምርቃት ወደየትኛው እንደሚጠጋ ዳኞች ሲከራከሩ ቀኑ ያልፋል።

ቤተሰቦች የረቱባቸው ጉዳዮች የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። በ1998 ኬንታኪ፣ ግራንት ካውንቲ፣ በእርግዝናና በመውለድ ምክንያት ከኤን ኤች ኤስ የቀሩ ሁለት ተማሪዎችን ትምህርት ቤቱ እንዲያስገባ ፍርድ ቤቱ አዘዘ። በ2003 ኒው ጀርሲ፣ ሙርስታውን፣ አካል ጉዳት ያለባት ተማሪ አንደኛ ከወጣች በኋላ ዲስትሪክቱ ማዕረጉን ከሌሎች ጋር ሊያካፍላት ሲል ዳኛዋ አገዱት። በሁለቱም ጉዳይ ክሱ የቆመው በአድልዎ ላይ ነበር፣ በኮርዱ ወይም በማዕረጉ ዋጋ ላይ አልነበረም። የእርስዎም ነገር በዘር፣ በሃይማኖት፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት የተነሳ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ካለ፣ ከምርቃቱ ቢያንስ ሦስት አራት ሳምንት ቀድመው የሲቪል መብት ጠበቃ ያማክሩ። ዋዜማ ላይ የሚቀርብ አስቸኳይ አቤቱታ የመሳካት ዕድሉ ትንሽ ነው።

በዕለቱ በር ላይ «አውልቂ» ቢሏትስ?

ታውልቀው። እምቢ ያለች ልጅ ከሰልፉ ልትወጣ ትችላለች፣ ያ ደግሞ አይመለስም። ስሟ የተጻፈበት ፌስታል በልብሷ ኪስ ወይም በጓደኛ ቦርሳ ይኑር፤ የተወሰደ ኮርድ በሳጥን ተደባልቆ የሚጠፋው ስም ስለሌለው ነው። የከለከለውን ሰው ስምና ሰዓቱን ስልኳ ላይ ትጻፍ። የተፈቀደበት ኢሜይል ካለ ስልኳ ላይ ከፍታ ታሳይ፤ ያን ጊዜ ብዙ መምህራን ይተዋሉ።

እርስዎ ከመቀመጫዎ ተነሥተው ወደ መድረኩ አይሂዱ። መድረክ ላይ የሚሰጣት ማኅደርም በብዙ ትምህርት ቤቶች ባዶ ነው፤ ዲፕሎማው የሚወሰደው ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ወይም በማግስቱ ከቢሮ ነው። ኮርዱን ደጅ ወጥታ ታድርገውና ፎቶውን እዚያ ተነሡ፤ ቅሬታውን ሰኞ ጠዋት በኢሜይል ይላኩ፣ ታናሽ እህት ወይም ወንድም እዚያው የሚማር ከሆነ በተለይ።